ባዶ ቤት በስሜ ሲበራ

ከእኛ በር ፊት ለፊት ባለው ቤት ሰው አልነበረም። መብራቱ ግን ይበራ ነበር። ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ከበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ወጥቶ የኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ አገኘዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስም እዚያው ነው። እግሬ እንዳይነካው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብዬ አልፍ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ያን ጊዜ አልገባኝም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሆፕኪንስ የምትባል ከተማ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና አክስቴ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ወደዚህ አገር ያመጡኝ እሷና ባሏ ናቸው። ባሏን ጋሼ ነበር የምላቸው። እኔ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከአንሶላና ከፎጣ ጋር እውላለሁ፤ ብዙ ማውራት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ይስማማኛል።

አክስቴ ሳንባዋ ከደከመ ቆይቷል። አልጋዋ አጠገብ የኦክስጅን ማሽን አለ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። መጀመሪያ እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ከማሽኑ የሚወጣው ረጅም የላስቲክ ቱቦ እስከ ወጥ ቤት ይደርሳል፤ አክስቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ይጎተታል። ከበሩ ጀርባ ትንሽ የብረት ሲሊንደር ቆሟል። ማሽኑን ያመጣው ሰው «መብራት ከጠፋ ይህ ለጥቂት ሰዓት ያቆያታል» ብሎን ነበር። ጋሼ የዚያን ቀን ሳቁ። «እዚህ አገር መብራት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አሉ።

ጋሼ የሞቱት የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን ነው። ኤርፖርት አካባቢ ከመኪና ማቆሚያው ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ሥራ ላይ እንዳሉ ወደቁ።

ለቅሶው ከቤታችን በላይ ሆነ። ሰው ከሴንት ፖልም ከሌላውም ከተማ ይመጣል፤ ሳሎናችን አንድ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ሲገባበት የሚያልቅ ነው። ሰዎች ኮሪደሩ ውስጥ ቆሙ፣ አንዳንዶቹ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው አሁን የሮዝቪሏ የምንላት ሴት የመጣችው። ፊት ለፊታችን ትኖር የነበረች ኦሮሞ ሴት ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ድራይቭ ታደርጋለች። በቅርቡ ልጆቿን ይዛ ወደ ሮዝቪል ሄዳለች፤ የድሮ ቤቷ ቁልፍ ግን ገና እጇ ላይ ነበር።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይለቀሳል እንዴ?» አለችና ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «የኪራዩ ሊዝ እስከ ወሩ መጨረሻ የእኔ ነው። ባዶ ነው፤ ክፈቱትና ተቀመጡበት።»

«መብራት አለው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አካውንቱን ስወጣ ዘግቼዋለሁ። የመብራት ድርጅቱ ሰዎች ግን አልቆረጡትም። ይኸው!» ገብታ ማብሪያውን ተጫነችው። ቤቱ ቦግ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ መረቃት።

ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አልነበረም። እኔ ባደግሁበት ከተማ ቆጣሪ ያለው ጥቂት ቤት ነበር። አባቴ ቆጣሪ ለማስገባት ሲመላለስ ጫማው አልቋል። እስከዚያ ድረስ መብራታችን በአጥር ላይ በተወረወረ ሽቦ ከጎረቤት ይመጣ ነበር። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ከሌላ ጎረቤት አንድ ሽቦ ይጨመራል። ሐዘን ቤት መብራት ማዋስ በርጩማ ከማዋስ የተለየ ነገር አልነበረም። የምናውቀው መብራት ለምኖ ማግኘትን ነው። ሳይለመን የሚመጣ መብራት ሰምተን አናውቅም።

ፍራሽ ተነጠፈ። ጫማ ከበሩ ውጭ ተከመረ። በሩ እንደ ሐዘን ቤት ደንብ ክፍት ሆነ። ሁላችንም አባባ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ከጋቢያቸው ሥር ሆነው፣ «ልጆች፣ እናንተ የመጣችሁት ለአንድ ለቅሶ ነው፤ ሁለት እንዳይሆንባችሁ ሂተሩን ጨምሩት» አሉ።

«አባባ፣ መጨረሻው ላይ አድርሰነዋል እኮ።»

«አሜሪካም መጨረሻ አለው ማለት ነው?» አሉ። አክስቴ ባሏ ከሞቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ፈረንጅ በሩ ላይ ቆመ። ደረቱ ላይ ባጅ ያለው ወፍራም ጃኬት ለብሷል፤ እጁ ላይ ታብሌት ይዟል። ከዚያ ቀን በፊት የጋሼ የሥራ ባልደረቦች መጥተው ነበር፤ እነሱም ጃኬት ከነባጁ ለብሰው ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንዷ የሐዘን ካርድ ልንልክ ነው ብላ ስሜን ጠይቃኝ ነበር። ስለዚህ ይህኛውም የጋሼ ባልደረባ መሰለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የመሰለን።

ሰውየው የተከመረውን ጫማ አየ፣ የተቀመጠውን ሰው አየ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀለት። ተቀመጠ። እኔ አስተናጋጅ ነበርኩና መጀመሪያ ንፍሮ፣ ቀጥሎ ምስር ወጥ በሳህን አቀረብኩለት። ጾም ነበር። ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ በላ። ማንም አላናገረውም፤ ሐዘን ቤት እንግዳን ማጨናነቅ አይገባም። ሲጨርስ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ እዚህ የምትኖሪው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። እኖራለሁ፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው። ራሴን ነቀነቅሁ። ስሜንና ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስሜን ፊደል በፊደል እንድነግረው ፈለገ፤ እንደዚያም ነገርኩት። ታብሌቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሲወጣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ያለውን የመብራት ሳጥን ፎቶ አነሳ። ይህን ሳይ ትንሽ ገረመኝ። ሰው እንዴት ሐዘን ቤት መጥቶ የመብራት ሳጥን ፎቶ ያነሳል?

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ አባባ። «ያን ሁሉ በርበሬ ሲበላ ዓይኑ አላለቀሰም።»

«ማነው?» አለች አክስቴ።

«ከጋሼ ሥራ ቦታ ነው» አልኳት።

ወሩ ሲያልቅ ወንዶቹ ፍራሹን ተሸክመው ወሰዱ፣ የሮዝቪሏ ቤቱን ጠረገች፣ ቁልፉን አስረክቢ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ሕንፃው መግቢያ ላይ ያለው ቢሮ ሄድኩ። ማናጀሩ ስልክ እያወራ ነበር። ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ሳያየኝ መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ወደ ላይ ስመለስ ነው ከበሩ ሥር ብርሃኑን ያየሁት። ወንዶቹ እሷ ታጠፋዋለች ብለዋል፣ እሷ ደግሞ እኔ እንደማጠፋው አስባለች፣ እኔ ቤቱ ውስጥ ተመልሼ አልገባሁም። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል።

ለአክስቴ ነገርኳት። «ባዶው ቤት መብራት ይበራል።»

«የማን ቤት ነው አሁን?»

«የማንም።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ? የማንም መብራት ነው።»

ቤቱ ይታደሳል ተብሎ ሳይከራይ ክረምቱ ገባ። በሩን ስነካው ይሞቃል። ውጭ ምራቅ በረዶ የሚያደርግ ብርድ እያለ የዚያ ቤት መስኮት ከመንገድ ሲታይ ብቻውን እርጥብ ነበር፤ በረዶ አይይዝበትም። አንዳንዴ ከአውቶቡስ ወርጄ ቀና ስል አንድ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ለማናጀሩ ልነግር ሄጄ በመስታወቱ ውስጥ ሰው ሲያናግር አይቼ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ በአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ በኩል ለመብራት ድርጅቱ አስደወለች። ሕንፃችን ውስጥ መብራቱን ለየቤቱ እየለካ የሚያስከፍል ድርጅት ነው። የእኛ ቤት አካውንት በጋሼ ስም ነበር። «ለሞተ ሰው ቢል ሲመጣ ማየት አልችልም፤ ሞቷል በያቸው» ብላ ነው። ነገረቻቸው። ድርጅቱ አመሰገነ፣ ሐዘኑን ገለጸ፣ አካውንቱን ዘጋ። የእኛ መብራት ለአፍታ እንኳ ብልጭ ድርግም አላለም። ማሽኑ መተንፈሱን ቀጠለ። እኛም ደግ ሰዎች ናቸው ብለን ዝም አልን።

መጀመሪያ የመጣው ፖስታ «ለነዋሪው» የሚል ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያ። ከዚያ አንድ ቀን ስሜ ያለበት መጣ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ በስሜ የሚመጣልኝ የሥራ ቦታ ደብዳቤና የክሊኒክ ቀጠሮ ብቻ ነው። ቀጥሎ ስልክ መደወል ጀመረ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስልኬ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሳነሳው የማሽን ድምፅ ስሜን ሰባብሮ ይጠራና ረጅም ነገር ይናገራል። አንዳንድ ቃል እይዛለሁ። ስሜን ግን ሁልጊዜ እይዘዋለሁ።

ፖስታዎቹን ፎቶ አንስቼ ለሮዝቪሏ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቤት አለሽ እንዴ? ሳትነግሪን ከበርሽ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። «ይህ እኮ የእኔ የድሮ ቤት ቁጥር ነው። ሌላው የእናንተ ነው። ሁለቱም በአንቺ ስም። ስምሽን ማን ሰጣቸው?»

ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚበላው ሰው ፊቴ ድቅን አለ።

«እኔ» አልኳት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ ማድረቂያዎቹ ጀርባ ቆሜ ደወልኩ። አስተርጓሚ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት ገባች፤ ድምፅዋ የአዲስ አበባ ነው፤ የት አገር ሆና እንደምታወራ ግን አላውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ የራሴን አስተያየት አልሰጥም» አለች። ከዚያ የሰውየውን ንግግር ታቀብለኝ ጀመር። «ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን ይላል።»

«ደንበኛ አይደለሁም።»

«ይቅርታ፣ አልተሰማኝም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ።»

«ደንበኛ አይደለሁም። አልፈረምኩም።»

«ፊርማ አያስፈልግም ይላል። መብራቱን የተጠቀመ ሰው ውሉን ተቀብሏል ማለት ነው ይላል።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«መጠየቅ አያስፈልግም ይላል። ማብሪያውን ሲጫኑ ውሉ ይጀምራል። በዚያ ቤት ሰዎች እንደነበሩ ሠራተኛችን አይቷል፤ ነዋሪዋም ስሟን ነግራዋለች ይላል።»

«የእኛስ ቤት?»

«የቀድሞው ደንበኛ መሞታቸው ተነግሮናል፤ ሟች ደንበኛ መሆን አይችሉም ይላል። ቤቱ ውስጥ ግን መብራት የሚጠቀም ሰው አለ። በሕንፃው ውስጥ እንደሚኖሩ የምናውቀው እርስዎን ስለሆነ ያም በእርስዎ ስም ሆኗል። ሁለቱ ቤቶች አንድ ደንበኛ ናቸው። ቅዝቃዜው እስኪያልፍ አይቆረጥም። ከዚያ በኋላ የባዶው ቤት ሒሳብ ካልተዘጋ ሁለቱም ቤት ይቆረጣል ይላል።»

ማድረቂያው ይዞራል። ስለ አክስቴ ማሽን ልነግራት ፈልጌ ሳልነግራት ቀረሁ።

«ሄሎ? አሉ?»

«አለሁ።»

ሰውየው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችም። «እህቴ» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «አንድ ነገር ይበሉ። ዝም ሲሉ የምተረጉመው የለኝም።» ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ወደ ሥራዋ ድምፅ ተመለሰች። «ሌላ ጥያቄ አለዎት ወይ ይላል።»

የለኝም ብዬ ዘጋሁ።

የዚያን ቀን፣ ልጅ ሆኜ ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ የሆነውን አስታወስኩ። ሰባተኛ ክፍል በእኛ ከተማ አልነበረም። መምህራችን ዝርዝሩን ይዞ ክፍል ገባና ወደ ሌላው ትምህርት ቤት መዛወር የምትፈልጉ እጅ አውጡ አለ። እፈልግ ነበር። እጄ ግን ከዴስኩ ሥር ቀረ። ሁሉም ዞረው የሚያዩኝ መሰለኝ። መምህሩ ያወጡትን ጽፎ ሄደ። አባቴ በኋላ ሲጠይቀው «ዝም ስላለች አልፈለገችም ብለን ነው» አለው። አባቴም ቤት ውስጥ ለሥራ ስለምፈለግ አልተከራከረም። እንግዲህ አገር ቤት ዝምታዬ እምቢ ተብሎ ተጻፈ፣ እዚህ ደግሞ እሺ ተብሎ። ያው የእኔ ዝምታ ነው። የጻፈው ሰው ነው የተለየው።

ያንን ክረምት የማልረሳው ማብቃቱን ስለ ፈራሁ ነው። በዚህ ከተማ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ሰው እብድ ይሆናል። ገና ብርድ ሳይለቅ በካናቴራ የሚሄድ አለ፤ ሥራ ቦታዬ ያሉት አረጋውያን እንኳ ወንበራቸውን ወደ መስኮት አስጠግተው ይስቃሉ። እኔ ከጣራው ጫፍ የተንጠለጠለውን በረዶ ጠዋት ጠዋት አይ ነበር። ሲንጠባጠብ የቀሩትን ቀናት እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሌክ ስትሪት ላይ ለአክስቴ ቅመም ገዝቼ ስወጣ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆኖ ፀሐይ ወጥታለች። ቅመሙን የሸጠችልኝ ሴት «ተገላገልን!» አለችኝ። አዎ አልኳት።

መብራቱ የሚቆረጥበት ቀን የተጻፈበት ቀይ ወረቀት በር ላይ ተለጠፈ። አንዱ በእኛ ላይ፣ አንዱ በባዶው ላይ። አክስቴ እንግሊዝኛ ባታነብም ቀለሙን አየችው። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ስለ እኔ አታስቢ፤ ሆስፒታል እገባለሁ» አለች። እንደ እውነቱ ከዚያ ይልቅ ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ ገባሁና ቆምኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማሽኑ አይተነፍስም።

ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ቱቦው መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማሽኑን ራሷ ከሶኬት ነቅላዋለች። መልሼ ሰካሁት። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላት።

«ምን ሆነሽ ነው? ምን ሆነሽ ነው?»

መናገር እስክትችል ጠበቅሁ። «ምንም አልሆንኩ» አለች። «ቀን ቀን ትንሽ እናሳርፈው ብዬ ነው። በአንቺ ስም ነው እኮ የሚቆጥረው።»

«ስንት ቀን ሆነሽ እንደዚህ ስታደርጊ?»

ቱቦውን በጣቷ አስተካከለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት የፈራሁት ሰዎቹ መጥተው መብራቱን እንዳይቆርጡ ነበር። እነሱ ሳይመጡ እሷ ራሷ መቁረጥ ጀምራለች፤ ለእኔ ስም ስትል። ቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አየር እየሰማሁ እንደዚያ ቀን የሆነ ነገር ውስጤ ሲጠነክር ተሰምቶኝ አያውቅም። ድፍረት አልለውም። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ ከሥራ ቀረሁ። የሮዝቪሏ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ አውቶቡሷን አቁማ ቢጫ ሰደርያዋን እንደለበሰች መጣች። «እኔ አወራዋለሁ፤ አንቺ ከኋላዬ ቁሚ» አለችኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆመን ጠበቅነው።

ከአሳንሰሩ የወጣው ያው ሰው ነበር። ያው ጃኬት፣ ያው ታብሌት። ሲያየኝ ቀስ አለ። እንዳወቀኝ ገባኝ፤ ከየት እንደሆነ ግን ገና አልመጣለትም።

የሮዝቪሏ ጀመረች። በፍጥነት፣ ጮክ ብላ፣ እጇን እያወራጨች። ሰውየው ታብሌቱን አይቶ ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ከደንበኛዋ በቀር ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር አልችልም አለ።

«ደንበኛ አይደለችም እያልኩህ!»

«እሱንም ራሷ ናት ልትለኝ የምትችለው» አለ። ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ነው ያስፈራኝ።

የሮዝቪሏ ዞር ብላ አየችኝ። «በይ እንግዲህ» አለችኝ በአማርኛ። «ወይ አፍሽን ክፈቺ ወይ ሲሊንደሩን አውጪ።»

የቤታችንን በር በሰፊው ከፈትሁት። «ስማ» አልኩት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ግን በቂ ነበር። ከውስጥ ማሽኑ ይተነፍሳል፣ ጠቅ ይላል፣ ይተነፍሳል። ሰውየው ጆሮውን ሰጠ። ፊቱ ተለወጠ። «ይህ መኖሩን ማንም አልነገረንም» አለ። «አሁን ነገርኩህ» አልኩት። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደ ቢሮው ደወለ።

እሱ ስልክ ላይ እያለ የሮዝቪሏ ማናጀሩን ጎትታ አመጣችው። ባዶውን ቤት እንዲከፍት ጠየቅሁት። እኔ ነኝ የጠየቅሁት። መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ቀዩ ክር እንዳለ ነው።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ እንደ ምድጃ አፍ። መብራቱ ሁሉ በርቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም በአንድ በኩል ተልጧል። የሠራተኛ መሰላልና የቀለም ባልዲ መሃል ላይ ቆሟል፤ ክረምቱን ሙሉ የነካው የለም። ሰው የሌለበት ቤት፣ ለማንም ሳይሆን ሲሞቅ የከረመ። የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተረስቶ፣ አንድ የእኛ ቤት ሳህን ተቀምጧል። ምስሩ ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል።

ሰውየው ሳህኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «አንቺ ነሽ ምግብ የሰጠሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«ለቅሶ ነበር» አልኩት። «ሰው ሞቶብን ነው። እዚህ ማንም አይኖርም።»

«ብዙ ጫማ ነበረ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሰው አለ ብዬ ጻፍኩ።»

«ነበረ። ሄደ።» ወደ ማናጀሩ ዞርኩ። «ቁልፉን የሰጠሁህ መቼ ነው?» ማናጀሩ ወሩ ሲያልቅ መሆኑን አመነ፤ ከዚያ ወዲህ ለቀለም ቀቢዎቹ አንድ ጊዜ ከመውጣቱ በቀር ቁልፉ ከእሱ መሳቢያ አልወጣም። ሰውየው ይህን ሁሉ ጻፈ። ጉዳዩ ይታያል አለ። እስኪታይ ድረስ፣ ማሽኑም ስላለ፣ የእኛ ቤት መብራት አይቆረጥም አለ። ባዶው ቤት ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል አለ። ያለፈውን ግን እሱ መሰረዝ አይችልም።

ሂተሩን እኔ አጠፋሁት። መብራቱንም ክፍል በክፍል አጠፋሁ። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ሰውየው ሊሄድ ሲል አስቆምኩት። «የእኛ ቤትስ?»

«እሱ በስምሽ ይቀጥላል። ምንም ማድረግ አይጠበቅብሽም።»

«ጠይቀኝ» አልኩት።

አልገባውም። የሮዝቪሏም አልገባትም። «ምን ይጠይቅሽ?» አለችኝ በአማርኛ። «ይሂድ፣ ተይው!»

«ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኝ።»

ታብሌቱን አየ። ለዚያ የሚሆን ቦታ የለውም አለ፤ ነገሩ አልቋል፣ ከጋሼ ሞት ጀምሮ ደንበኛ ነሽ አለኝ። ቢሆንም ጠይቀኝ አልኩት። እንደ አፈረ ሰው ወለሉን አየና፣ «በዚህ ቤት መብራት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ወደ አሳንሰሩ ሄደ። ምንም አልጻፈም።

ጉዳዩ ይህን ስጽፍ ገና አልታየም። ስልኩ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ያው የማሽን ድምፅ ነው፣ ስሜን አሁንም ይሰባብራል። ከፊት ለፊቱ በር ሥር ጨለማ ነው። አክስቴ ማሽኑን አትነቅልም፤ እንዳትነቅል አስምያታለሁ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ይተነፍሳል፣ ጠቅ ይላል። አክስቴ አንድ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ፣ የሆነ ቦታ ላይ፣ እኔ እንደገና እሺ እንዳልኩ ይቆጠራል። ይህን እያወቅሁ በሩን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ።